ለካ ይሄ ነበር ፊታቸው!

የኃይሉ መርጊያን ፊት አላውቀውም ነበር። ጣቶቹን ግን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። በታክሲ፣ በሬዲዮ፣ ሠርግ ቤት እንግዳ እስኪሰበሰብ ድረስ፣ ያ ኦርጋን እየተጥመለመለ ሲመጣ ልቤ አብሮት ይሄዳል። አንድም ቀን ግን «ይህን የሚጫወተው ሰው ማን ነው? ምን ይመስላል?» ብዬ አልጠየቅኩም። በካሴት ያደግን ሰዎች እንዲህ ነን። የዘፋኙን ፊት ከካሴቱ ሽፋን ላይ እናውቀዋለን፤ ከኋላው ያለው ባንድ ግን ለእኛ ድምፅ ብቻ ነው። እጅ የለው፣ ላብ የለው፣ ዓይን የለው።

ባለፈው ወር ግን አየሁት። አየሁት! ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ የማወራው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የእናንተ ነው።

ቅዳሜ ነው፤ ገርጂ፣ አራተኛ ፎቅ። ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብልጭ ሲል ጀበናዬን ጣድኩና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ዩቲዩብ ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ ከጎን በኩል ስሙ ብቅ አለ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ታይኒ ዴስክ። ነካሁት። ከዚያ በኋላ ሪሞቱን እንደያዝኩ ሳሎኑ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ጀበናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ እንኳ ንቅንቅ አላልኩም።

«ታይኒ ዴስክ» ማለት ኤንፒአር የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ዋሽንግተን የሚገኘው ቢሮው ድረስ ሙዚቀኞችን እየጋበዘ የሚቀርጸው ዝግጅት ነው። መድረክ የለም፤ ጭስና የብርሃን ጋጋታ የለም። አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ከኋላው መጽሐፍና ኮተት የታጨቀ መደርደሪያ፣ ከፊት ለፊት ሥራቸውን አቁመው የቆሙ ሠራተኞች። በቃ። እዚያች ጥግ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ቤዝ ጊታሩን ዓለምሰገድ ከበደ ይዟል፣ ድራሙ ላይ ኬኔት ጆሴፍ ተቀምጧል፣ መሃል ላይ ኃይሉ። ከእሱ እስከ ካሜራው ያለው ርቀት ከእኔ ሶፋ እስከ ቴሌቪዥኑ ካለው አይበልጥም። ጣት በጣት ታዩታላችሁ። ቁልፉን አይመታውም፤ ይዳስሰዋል። አንዱን ድምፅ ይዞ ትንሽ ያቆየዋል፣ ያዘገየዋል፣ ልክ ልንሰናበት በር ላይ ቆመን ወሬ እንደምንጨምረው። በካሴት ስሰማው «ማሽኑ እንዲህ ያደርጋል» ብዬ የማስበው መጥመልመል ለካ የሰው ጣት ጠባይ ነው!

ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ታሪኩን ካወቃችሁ በኋላ እነዚያን እጆች ማየት ሌላ ነገር ነውና። ኃይሉ አኮርዲዮን የተማረው ራሱን በራሱ አስተምሮ ነው። ከዚያ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው ሆነ፤ ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው»ን ያወጣ፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለዓለም የሰጠ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ኃይሉ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ሲንተሳይዘሩን እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዝም። ዓመታት ዝም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ግን ስሙኝ፦ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይይዝ ነበር! ተሳፋሪ እስኪያገኝ ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ሰሚ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ያ የ1985 ካሴት ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ከሰባ ዓመቱ ጫፍ ላይ ወደ መድረክ ተመለሰ። እንግዲህ ቴሌቪዥኔ ላይ የማያቸው እጆች እነዚያ ናቸው። በታክሲ ውስጥ ሳይዝጉ የቆዩት።

በማግሥቱ እሑድ አባቴ ከጎሮ ለምሳ መጡ። ምሳ ሳይቀርብ ከፈትኩላቸው። አባቴ ሙዚቃ ሲሰሙ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደፊት ጠጋ አሉ። «ድምፁን ጨምሪው» አሉ። ጨመርኩት። ትንሽ ቆይተው፣ «በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊ አለ። ሒልተን ከገባሽ ገባሽ ነው፤ እስኪነጋ መውጫ የለም። እነሱም እስኪነጋ ይጫወታሉ። እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ነበር የምቀመጠው፤ ይህን ሰው በደንብ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። አርባ ምናምን ዓመት! በአካል እዚያው ቤት ውስጥ የነበሩት ሰው እንኳ ፊቱን ያዩት ገርጂ ሶፋ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ የለኝም። ማታ ማታ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው በወጉ የተቀረጸ፣ የእኛ ሰዎች የሚጫወቱበት ኮንሰርት። ያገኘሁትን ፍላሽ ላይ እጭናለሁ፣ ለጎረቤት አውሳለሁ፣ ቢሮ ይዤ እሄዳለሁ። ጌታቸው መኩሪያ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እዚህ ላይ እናንተም ቁሙልኝ።

ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። ሽለላ የጦር ሜዳ ነገር ነው፤ ጎራዴ የመዘዘ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ እግሩን እያነሳ፣ ጠላቱን እየጠራ የሚለው። ጌታቸው ያንን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በናስ ቀንድ ውስጥ አስገባው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ዕድሜውን ሙሉ ነፋ። የውጭ ሐያስያን ከአሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ከአልበርት አይለር ጋር ያወዳድሩታል። እኔ ከማንም ጋር አላወዳድረውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዚ ኤክስ የሚባል የሆላንድ የፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር አምስተርዳም ጋበዘው። ሄደ፣ ሰማቸው፣ ወደዳቸው። «ከእናንተ ጋር ሸክላ መሥራት እፈልጋለሁ» ያለው እሱ ነው! ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋ ሰው፣ ጊታራቸው እንደ ብረት ቤት የሚጮኽ ልጆችን አይቶ «እነዚህ ናቸው የእኔ ሰዎች» አለ። «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ቀጥሎም «11 ኢትዮ ፓንክ ዘፈኖች» የተባለው የኮንሰርት ፊልም መጣ። መድረክ ላይ ያለውን ሁኔታ በዓይናችሁ ካላያችሁ አታምኑኝም፦ የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ፣ ካባ ትከሻው ላይ፣ ሳክስፎኑ እንደ ጦር ወደ ፊት ተቀስሮ። ከኋላው ካትሪና ቦርንፌልድ ድራሙን ትደበድበዋለች፤ ቴሪና አንዲ ጊታራቸውን ይፍቃሉ። እሱ ከመሃላቸው እንደ ተራራ ቆሟል። አይዘልም፣ አይወራጭም። አፉን ቀንዱ ላይ ሲያኖር ግን ጉንጩ ይነፋል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ያ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ ከሶፋዬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

እና ምን ቢጫወቱ ጥሩ ነው? ከሌሎቹ ዘፈኖች መካከል «ሙዚቃዊ ስልት»! የዋልያስን! የኃይሉን ባንድ ዜማ የሆላንድ ፓንኮች ከጌታቸው ጋር ሆነው ያነጉዱታል። አንዱን ቀረጻ ሳይ ሌላው መዘዘኝ የምለው ይህንን ነው። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ያ ፊልም ባይኖር ኖሮ የአንገቱን ሥር ማን ያየው ነበር?

ሙላቱ አስታጥቄን አትርሱ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2009 ሎስ አንጀለስ፣ ላክማን የሚባል አዳራሽ ውስጥ፣ ሞቺላ የተባሉ ባለካሜራዎች «ታይምለስ» በሚል ተከታታይ ውስጥ ቀርጸውታል። አጃቢዎቹን ስሙ፦ ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር የሠራው ቤኒ ሞፒን፣ አዛር ሎውረንስ፣ ፊል ራነሊን። የጃዝ አባቶች ተቀምጠው የእኛን ቅኝት ሲጫወቱ ማየት! «የከርሞ ሰው» ሲጀመር ካሜራው የሙላቱን ፊት ያሳያችኋል፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ቪብራፎኑን ነካ ያደርገዋል። ይህን በቢራ አትዩት። መብራት አጥፉና ዝም ብላችሁ እዩት።

አንድ ደግሞ በጣም የራሴ የሆነ አለ። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ከአክስቴ ልጆች ጋር፣ ከቦሌ መንገድ በእግራችን መጥተን። ሪታ ማርሊ፣ ልጆቹ፣ አንጀሊክ ኪጆ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ። ስቴፋኒ ብላክ «አፍሪካ ዩናይት» ብላ ፊልም ሠርታበታለች። ባለፈው ሳምንት አገኘሁትና ካሜራው ወደ ሕዝቡ በዞረ ቁጥር እያቆምኩ ራሴን ፈለግኩ። አላገኘሁም። ግን የዚያን ቀን ከሩቅ እንደ ጉንዳን የታዩኝን ሰዎች ፊት፣ የዘፋኞቹን ላብ፣ አደባባዩን ከፊት ለፊት፣ ያን ጊዜ ካየሁት በላይ አየሁት።

የሚያናድደኝ ነገርም አለ፤ እናገረዋለሁ። ኢይዘር ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ባንድ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 እዚሁ አዲስ አበባ ከሙላቱ፣ ከጌታቸው፣ ከባህታ ገብረ ሕይወት፣ ከጸደንያ ገብረ ማርቆስና ከሚካኤል በላይነህ ጋር ያቀረበው ኮንሰርት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዲስክ ቁጥር 20 ሆኖ ታትሟል፤ ዲስኩ ድንቅ ነው፣ ግን ድምፅ ብቻ ነው። አጠገባችን የተደረገውን ነገር ጆሯችን እንጂ ዓይናችን አላገኘውም። ከእኔ ቤት በታክሲ ጥቂት ደቂቃ የሚርቀውን ሚሊኒየም አዳራሽም አስቡት። ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. እዚያ ዘፍናለች። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ማህሙድ አህመድ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረው፣ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሳለ አንድ ምሽት የቀረ ዘፋኝ ተክቶ መድረክ የወጣው ማህሙድ፣ ከመድረክ የተሰናበተው እዚያው ነው። እኔ እስካሁን በእጄ ያለኝ በስልክ የተቀረጸ ቁርጥራጭ ነው፤ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ከፊቱ ሌላ ስልክ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ማህሙድ። እሱም ቢሆን ያስለቅሳል። ግን ወገኖቼ፣ ቦሌ ውስጥ በየሳምንቱ ስንት ኮንሰርት ይደረጋል! አንድ ሰው ካሜራውን አስተካክሎ አቁሞ፣ ድምፁን ከማጉያው ቀጥታ ወስዶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቅረጸው። የኪቦርዱን ሰው እጅ ይቅረጽ። የማሲንቆውን ሰው ክንድ ይቅረጽ። ዘፋኙን ብቻ ተከትሎ አይሩጥ።

ስታዩ ግን በወጉ እዩ። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ስፒከር ከሌላችሁ ተዋሱ። እኔ ከሦስተኛ ፎቅ ነው የተዋስኩት፤ ባለቤቱም ስፒከሩን ተከትሎ መጥቶ አብሮን አየ። ዳታው እየተቆራረጠ ስሜቱን እንዳይገድለው ቀድማችሁ አውርዱት። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ቡና ካፈላችሁም ጀበናውን ቀድማችሁ አውርዱ።

የመጪው እሑድ ተራ የጌታቸው ነው። አባቴ ትናንት ከጎሮ ደውለው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ አንደኛው ፖሊስ ኦርኬስትራን በወጣትነታቸው በአካል ያዩ ናቸው። ከጎረቤት ሦስት ወንበር ተውሻለሁ፤ ከሁሉም ፊት፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርጌያቸዋለሁ።