ስለ ሰው አመጣጥ በይርጋጨፌ የሚሰሙ ሦስት መልሶች

የሰው ልጅ ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በይርጋጨፌና በዙሪያዋ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው በሶንጎ ከአባቶች አፍ የሚነገረው ነው፤ ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን የሚሰበከው ነው፤ ሦስተኛው በትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ነው። የአካባቢው ተማሪ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰማል። ዳሩ ግን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንዲመረምር የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ ለፈተና አንድ ቃል፣ ለእሑድ ሌላ ቃል፣ ለሽማግሌ ፊት ደግሞ ሦስተኛ ቃል ይዞ መኖርን ይለምዳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንን ልማድ ነው። ፈጣሪ አለ ወይስ የለም የሚለውን ክርክር ለመዳኘት አልተነሣንም፤ እያንዳንዱ መልስ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፣ በምንስ ማስረጃ እንደሚቆም ለመመርመር ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረት ወይም ዓመተ ዓለም ካላልን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የአባቶች መልስ

ጌዴኦ ፈጣሪውን ማገኖ ይለዋል። የሕዝቡ አባት ደራሶ እንደሆነና ከሁለት ሚስቶች ሰባት ወንዶች ልጆች እንደወለደ ይነገራል። ከመጀመሪያይቱ ሚስት የተወለዱት የአራቱ ወገን ሾሌ ባቴ፣ ከሁለተኛይቱ የተወለዱት የሦስቱ ወገን ሳሴ ባቴ ይባላል፤ ሰባቱ ጎሣዎችም ከነዚህ ወጡ። ደራሶ ደግሞ የጉጆና የቦሮ ታላቅ ወንድም ነው፤ የጉጂና የቦረና ሕዝቦች ከነዚያ ከሁለቱ ወረዱ ይባላል።

ይህን ትረካ እንደ ታሪክ ሰነድ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ቶሎ ስሕተት ያገኝበታል። የቋንቋ ሊቃውንት ጌዴኦኛን ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር በደገኛው የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ወገን ይመድቡታል፤ ጉጂና ቦረና ግን የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ እርሱም በሌላው የምሥራቅ ኩሽ ወገን ይቈጠራል። እንግዲህ በሰዋስው ቢሄዱ የጌዴኦ የቅርብ ዘመድ ሲዳማ ነው። ከዚህም በቀር በጌዴኦ ምድር በቱቱ ፈላ፣ በጨልባ ቱቲቲና በሳካሮ ሶዶ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ከማናቸውም የዘር ቈጠራ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። በሳካሮ ሶዶ የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት የትክሎቹን መነሻ ወደ መጀመሪያው መቶ ዓመት አድርሶታል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። ስለሆነም ይህ ምድር ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሰው የኖረበት፣ ሰውም ሙታኑን ያሰበበት መሆኑን ድንጋዮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ታዲያ የደራሶ ትረካ ሐሰት ነውን? በእኛ አስተያየት ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ትረካው የሚመልሰው «ሰው መቼ ተገኘ» የሚለውን ሳይሆን «ከማን ጋር በወንድምነት እኖራለሁ» የሚለውን ነው። ይህም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መጠለያ ሆነው ነበር። በጌዴኦና በጉጂ መካከል ጠብ ሲነሣ ጎንዶሮ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ሁለቱን ወገኖች የሚያቀርባቸው የአንድ ቤት ልጆች አድርጎ በመቍጠር ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ደራሶና ጉጆ ተረት ናቸው» ቢል ስለ ቋንቋ ምደባ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ወንድማማችነቱን የሚያስርበት ሌላ ገመድ ሳያዘጋጅ ያለውን ገመድ ቈርጧል ማለት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ትረካውን እንደ ደም ምርመራ የሚይዙ ሰዎችን እንነቅፋለን። «እገሌ ከሰባቱ ጎሣ አይደለምና የዚህ ምድር ሰው አይደለም» የሚል ሰው የአባቶችን ቃል ለዕርቅ የተሰጠ ሲሆን ለማባረሪያ አውሎታል።

2. የቤተ ክርስቲያን መልስ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ትቈጥራለች፤ በባሕረ ሐሳብ በዚህ ላይ ዓመተ ምሕረት ሲጨመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ዛሬ ከ7500 ጥቂት ይበልጣል። ከጣልያን ወረራ በኋላ ወደ ጌዴኦ የመጡት ሚሲዮኖች ያመጡት መጽሐፍ ደግሞ የዕብራይስጡን ቍጥር የሚከተል ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው 230 ዓመት ነበር፤ በዕብራይስጡ ግን 130 ነው። በብዙዎቹ አባቶች ላይ እንዲህ ያለው መቶ ዓመት እየተጠራቀመ ሄዶ፣ በ1650 የአርማው ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ዕብራይስጡን ተከትሎ ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ሲያደርገው፣ በእኛ አባቶች ቈጠራና በእርሱ መካከል 1500 ዓመት ያህል ልዩነት ተፈጠረ።

እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህን ልዩነት ስናውቅ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። በይርጋጨፌ አንዱ ወደ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ሌላው ወደ ቃለ ሕይወት ይሄዳል። ሁሉም እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ፈጠረ ብለው ያምናሉ፤ በዓመቱ ግን 1500 ዓመት ተለያይተው ሳለ ማንም ስለዚህ ቍጥር ማንንም ከእምነት አላወጣም። እንግዲያውስ እምነቱ የቆመው በቍጥሩ ላይ አይደለም ማለት ነው። ይህን ደግሞ ሳይንስ ሳይሆን የአማኞች የራሳቸው ልማድ ያስረዳናል።

ሁለተኛም አባቶቻችን የዘመናቸውን የተፈጥሮ ዕውቀት አልናቁም። ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ይኸውም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ የሚለው ትምህርት በኦሪት ዘፍጥረት ቃል በቃል የተጻፈ አይደለም፤ ኦሪት የሚለው ከምድር አፈር ነው። አራቱ ባሕርያት የግሪክ ፈላስፎች የተፈጥሮ ትምህርት ናቸው። ፊሳልጎስ የተባለው ስለ አራዊትና ስለ ዕፅ የሚናገረው መጽሐፍም ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው በአክሱም ዘመን ነው። አባቶች በዘመናቸው ከሁሉ የተሻለውን የተፈጥሮ ዕውቀት ወስደው ለእምነታቸው ማስረጃ አደረጉት። ዛሬ የእነርሱ ልጆች ነን የምንል ሰዎች የዘመናችንን ዕውቀት ሳንመረምር ብንጥለው የአባቶችን ቃል እንጂ የአባቶችን መንገድ አልጠበቅንም።

ዳሩ ግን እውነቱን ለመሸፈን አንወድም። 7500 ዓመትን እንደ ምድርና እንደ ሰው ዕድሜ ቃል በቃል የሚይዝ ሰው ከከርሰ ምድር ማስረጃ ጋር የሚታረቅበት መንገድ የለም። አንዱን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን በግልጽ ሳይናገሩ ሁለቱም ልክ ናቸው እያሉ ማለፍ ለእምነትም ለሳይንስም ክብር አይሰጥም።

3. የትምህርት ቤት መልስ

ትልቁን ነቀፌታ ያቆየነው ለራሳችን ወገን፣ ለተማረው ነው። በብዙ ክፍል ዝግመተ ለውጥ የሚሰጠው እንደ ትምህርተ ሃይማኖት ነው፤ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ፈተና ሲደርስ ይደግማል። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባልም ከዚህ የተወለደ ነው። ሳይንሱ ግን እንዲህ አይልም። የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት አንድ የጋራ ቀዳሚ ነበራቸው፤ ከዚያም ሁለቱ በየመንገዳቸው ተለወጡ ነው። ለዚህም ማስረጃ ያቀርባል፤ ለምሳሌ የሰው ክሮሞዞም 46፣ የቺምፓንዚ 48 ሲሆን፣ ከሰው ክሮሞዞሞች ሁለተኛው የሁለት ክሮሞዞሞች መጋጠሚያ ምልክት በመካከሉ ይዞ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ያልሰማ ተማሪ የሚያምነው መምህሩን ነው እንጂ ማስረጃውን አይደለም።

በይርጋጨፌ ግን ከገበሬው ማሳ መጀመር ይቻል ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ ብሎ የቡና ዘር ይለያል፤ ከሁሉም የወደደውን መርጦ ችግኝ ያፈላል። ቻርለስ ዳርዊንም በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ የጀመረው ከርግብ አርቢዎችና ከገበሬዎች ምርጫ ነው። በ1971 ፍሬውን የሚያጠቍረው የቡና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ብዙ ቡና ሲጠፋ ጥቂት ዛፎች ተቋቋሙት። የጅማ ተመራማሪዎች በ1974 ከመቱ አካባቢ ከተረፉት እናት ዛፎች 74110ና 74112 የተባሉትን መርጠው አወጡ። የሚተርፈው ይተርፋል፣ የተረፈው ዘሩን ያወርሳል የሚለው ሐሳብ ይኸው ነው። በእርግጥ ይህ ብቻውን የሰውን አመጣጥ አያስረዳም፤ ቡና ቡና ሆኖ ቀርቷልና። የሚያሳየው የመለወጡን መንገድ ነው፤ ስለ ሰው የሚመሰክሩት አጥንቶቹና የዘር ውርሱ ናቸው።

ስለ አጥንቶቹ ዕድሜ «ሳይንስ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ይላል» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የኦሞ ክቢሽ ሰው ነው። አጥንቱ የተገኘው በ1967 ነው። መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ያህል ተባለ፤ በ2005 ወደ 195 ሺህ ተሻሻለ። በ2022 የታተመው ጥናት ግን ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምሮ አመዱ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ፣ ዕድሜውም 233 ሺህ ዓመት ያህል መሆኑን አስረዳ። አመዱ ከላይ ከሆነ አጥንቱ ከዚያ የቀደመ ነው። ሻላ ከሻሸመኔ ወደ ሰሜን ያለው፣ ከይርጋጨፌ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በአጠገቡ የሚያልፈው ሐይቅ ነው። ልብ በሉ፤ ቍጥሩ የተለወጠው መሣሪያው ስለተሻሻለና ማስረጃው ስለበዛ ነው፤ የለወጡትም ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በአደባባይ ናቸው። ስሕተቱን በግልጽ የሚያርም ዕውቀት ለዚህ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባም።

በዚሁ አንጻር ግን በአገር ኩራት ስም የሚነገረውን እንነቅፋለን። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ናት፤ «የሰው ልጅ ሁሉ እናት» መባሏም ተለምዷል። ነገር ግን በዚያው ዘመን አቅራቢያ በአፋር ሌላ ዝርያ እንደነበረ በ2015 በዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና በባልደረቦቹ ታትሟል። እንግዲህ ድንቅነሽ ቀጥተኛ እናታችን ትሁን ወይም የእናታችን ዘመድ ገና የሚመረመር ነው። ከ2016 ጀምሮ «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መጠሪያ ለእንግዳ መጋበዣ መልካም ነው፤ ለክርክር ግን ማስረጃ አይሆንም። የአጥንት መገኘት እኛን ከሌላው የበለጠ ሰው አያደርገንም። ከዚያ ምድር የወጣው የሁሉም አባት ከሆነ ኩራቱም የሁሉም ነው።

4. ስለ ችኩል ማስታረቅ

አንዳንድ ወንድሞች ስድስቱን የፍጥረት ቀኖች ስድስት የምድር ዘመናት እያደረጉ መጽሐፍንና ሳይንስን ለማጋጠም ይደክማሉ። ሐሳባቸው መልካም ቢሆንም መንገዱ አይቀናም። አንደኛ፣ በዘፍጥረት ዕፀዋት በሦስተኛው፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ትርጓሜውን ዛሬ በታተመ ጥናት ላይ የሚያስር ሰው ጥናቱ በሚቀጥለው ዓመት ሲሻሻል ትርጓሜውም አብሮ ይወድቅበታል። የኦሞ ክቢሽ ቍጥር ሁለት ጊዜ መሻሻሉን አይተናል። በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ አንድን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ ፊት የመተርጐም ጥበብ ሳለ፣ መጽሐፉን ወደ ከርሰ ምድር ማስታወሻ ማሳነስ አስፈላጊ አይደለም።

5. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚወጣው አስተያየታችን ይህ ነው። የሰው አካል መቼና በምን መንገድ ተገኘ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው አጥንት፣ አመድና የዘር ውርስ ነው፤ በዚህ ረገድ የሰባት ሺሁ ቈጠራ ሊቆም አይችልም። ሰው ለምን ይኖራል፣ ለወንድሙስ ምን ዕዳ አለበት ለሚለው ግን ሻላ የተፋው አመድ መልስ የለውም፤ በዚያ ማገኖ የሚለው ሽማግሌና የሚሰብከው ቄስ የሚናገሩት አላቸው። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ጠቡን ሁሉ አያጠፋም፤ በዓመት ቈጠራው ላይ አንዱ ወገን መልቀቅ እንዳለበት ተናግረናልና።

ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በይርጋጨፌ የሥነ ሕይወት ትምህርት ከችግኝ ማፍያው ይጀመር፤ ተማሪውም በክፍል ውስጥ «በዚህ አላምንም» ብሎ ምክንያቱን እንዲናገር፣ መምህሩም በማስረጃ እንዲመልስለት ይፈቀድ። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ተማሪው ስለ ድንቅነሽ ቢጠይቅ ሳይገሠጽ ይመለስለት። ለፈተና አንድ፣ ለእሑድ ሌላ ቃል መያዝን የለመደ ተማሪ ነገ ዳኛ፣ ሐኪም ወይም አስተዳዳሪ ሲሆን ያንኑ ሁለት ልብ ይዞ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ስለ አዳምና ስለ ድንቅነሽ በሚደረግ ክርክር ብቻ የሚቀር አይሆንም።