አጥር የገባ ዛፍ፣ አጥር የሌለው ዛፍ

ጎንደር ወርዶ የፋሲል መዋኛን ያየ ሰው ስልኩ ውስጥ ምን ይዞ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ከግንቡ ይልቅ ሥሮቹን። የዋርካ ወገን የሆኑት ትልልቅ ዛፎች የአጥሩን ድንጋይ በጣት እንደተያዘ ነገር ጨብጠውታል። እኔም አንስቻለሁ፣ ያውም ብዙ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ገንዳው ሲሞላ ደግሞ ወጣቶች ቅርንጫፉ ላይ ወጥተው ይዘላሉ።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ሲመዘገብ መዋኛውም አብሮ ገብቷል። ስለ ቅርሱ ስናወራ ግን ወሬያችን ሁሉ ንጉሥና ድንጋይ ነው፤ ዛፉ በግንቡ ጥላ የተጠለለ እንግዳ ይመስላል። ሥሩ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፤ ቢቆረጥ ደግሞ የያዘው ድንጋይ ይናዳል። ታዲያ የቱ ነው ቅርሱ?

ቢያንስ ይሄኛው ዛፍ አጥር አለው። ከአዘዞ ቁልቁል ወደ መተማ ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ሌላ ደን ይመጣል፦ ዋልያ መቀር፣ የዕጣን ዛፍ። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ለፎቶ አይመችም። ቅርፊቱ እየተፋቀ የሚደማውን ሙጫ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤተ ክርስቲያን ጽና ውስጥ፣ ቤት ደግሞ ቡና ሲፈላ ይጨሳል።

መተማን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1889 አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት ጦርነት ነው፤ ከተማዋም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ዛፉ ግን ታሪክ ውስጥ አልገባም፣ ሸቀጥ ነው። መተማ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነገሩ ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚጠፉ ተንብዮአል። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ያልተደማው ደንም እያለቀ ነው። ቡቃያው በእሳትና በከብት እየተበላ ዛፍ ለመሆን አይደርስም፤ አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው የለም። ስለዚህ «ዕጣን መልቀም ይቁም» የሚለው ቀላል መልስ አይበቃም።

በአሁኑ ጸጥታ ማን መተማ ሄዶ ደን ይጎበኛል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቡቃያ ግን ጎብኚ አይጠብቅም፤ የሚፈልገው ከብት የማይገባበት፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ ነው፣ ለብዙ ዓመት። መዋኛው ዙሪያ ያለው ዓይነት አጥር፤ ግንብ ባይሆን እሾህም ይበቃል።