«የኢትዮጵያ ምግብ» የማን ምግብ ነው?

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ወደሚገኝ ምግብ ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ በሚቀርብለት ሜኑ አናት ላይ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግብ» የሚል ርእስ ቢያነብ አይደነቅም። ከሥሩ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ፣ በያይነቱና ሽሮ ይደረደራሉ። ሜኑም ጽሑፍ ነውና እንደ ጽሑፍ ሊተች ይገባዋል።

ለመሆኑ በዚህ ስም የሚጠራ አንድ ምግብ አለን? ክትፎውን እንመልከት። ቦሌ ላይ ቆጮ የሥጋና የቅቤ አጃቢ ነው። በጉራጌ ገጠር ግን የዘወትሩ ማዕድ ራሱ ቆጮው ነው፤ ክትፎ ለመስቀል ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የቦሌው ተመጋቢ ከቅቤ ብዛት መጠንቀቅ ሲኖርበት፣ ለገጠሩ ልጅ የሚያስፈልገው ወተትና ጥራጥሬ ነው። ሜኑው ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

ሽሮም እንዲሁ ነው። ከአተር ይሁን ከሽምብራ ወይስ ከጓያ፣ ሜኑው አይነግረንም። ጓያ ድርቅን ስለሚችል ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ወሎ ውስጥ በዳውንትና ደላንታ ችግር በበረታ ጊዜ ጓያን ዋና ምግባቸው ካደረጉት መካከል የብዙ ሰዎች እግር ሽባ ሆነ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ወረርሽኙን በ1991 ዓ.ም. ዘገበው። በ1996 ዓ.ም. በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ አደጋው የከፋው እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን በሚበሉት ላይ እንደነበር፣ በወጥ መልክ መብላቱ ግን አደጋውን እንዳልጨመረ አመለከተ። እንግዲህ ልዩነቱ በእህሉ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ነው።

ጣጣው የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሜክሲኮውም፣ የኩባውም፣ የፔሩውም ተወላጅ «ሂስፓኒክ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ከ16 ሺህ በላይ ሰዎችን የመዘገበ ጥናት ለያይቶ ሲመለከታቸው ግን፣ የስኳር በሽታ በሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ 18.3 ከመቶ፣ በደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ዘንድ 10.2 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ምግብ ብቻውን ምክንያት ባይሆንም፣ የወል ስሙ ይህን ልዩነት የሚሸፍን መሆኑ አያከራክርም።

ባህልን ማክበር በጌጠኛ መሶብ ማቅረብ ብቻ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ከምን ጋር እንደሚበላው ማወቅም ነው። ስለ ጤና የሚመክሩንም ከሜኑው ስም ተውሰው «የኢትዮጵያ ምግብ ጤናማ ነው» ሲሉን፣ «የማን ምግብ?» ብለን ብንጠይቅ ነውር የለውም።