በጋቢ የተሸፈነ ጉንጭ

በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ የሚያድር ሐኪም፣ ጥርሱን የታመመ ሰው በእኩለ ሌሊት ሲመጣበት «ይህስ እስኪነጋ ቢቆይ ምን ነበረበት» ብሎ በልቡ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ ነበርሁና፣ አንድ ጎልማሳ በታመመው መንጋጋው ላይ ቅርንፉድ ነክሶ፣ ጉንጩን እስከ አንገቱ በጋቢ ሸፍኖ በመጣ ጊዜ፣ ጥርሱን በጥርስ መመርመሪያው መስተዋት እጀታ ቀስ ብዬ መታ መታ አድርጌ፣ ሲጮኽ ሕማሙ የት እንዳለ ዐወቅሁ ብዬ፣ ጋቢውን ግን ሳላስገልጥ፣ አሞክሳሲሊን አዝዤ ሰደድሁት።

በማግሥቱ ማታ ተመልሶ ሲመጣ መጋደም አልቻለም፤ ቁጭ ብሎ አገጩን ወደ ፊት አስግጎ፣ መዋጥ ያቃተውን ምራቅ በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል፤ ድምፁ ትኩስ ጉርሻ እንደ ያዘ ሰው ታፍኗል፤ ሦስት ጣት ማስገባት የሚገባው አፉ አንድ ጣት እንኳ አላስገባ አለ፤ ከአገጩ ሥር ብዳስሰው እንደ ጣውላ ደርቋል። ይህ ደዌ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የጻፈውና በስሙ የሚጠራው ነው። የታችኞቹ የኋላ መንጋጋዎች ሥር፣ የአፍን ወለል ከሚሸከመው ጡንቻ በታች ስለሚወርድ፣ ሕማሙ በድድ በኩል በመፈንዳት ፈንታ ወደ አንገት ይሰርጋል፤ በግራም በቀኝም ሲያብጥ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፍቶ የትንፋሽን በር ይዘጋል።

ሰመመን ሰጪው ከእንቅልፉ ተጠራ፤ የመተንፈሻው ቱቦ አልገባ ቢል ጉሮሮውን ለመብሳት ምላጭ ተዘጋጅቶ፣ ቱቦው በብዙ ጭንቅ ገባ፤ ከአገጩ ሥር ተቀደደ፤ የወጣው መግል ጥቂት፣ ሽታው ግን ክፍሉን የሞላ ነበር፤ መንጋጋው ተነቀለ፤ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል በደም ሥሩ ገባለት። በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሱ ተረፈች።

«ዶክተር፣ ኪኒኑን ይስጡኝ እንጂ ጥርሴን አይንኩብኝ» የሚለኝ ዛሬም ብዙ ነው። ነገር ግን የቋጠረ መግል የደም ሥር የለውምና መድኃኒቱ በሚገባ አይደርስበትም፤ ቀድዶ ማፍሰስና የሕማሙን ምንጭ ማስወገድ ግድ ነው። እብጠትና ትኩሳት የሌለበት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ የሚጠዘጥዝ ጥርስ ደግሞ የሚሻው የጥርስ ሐኪም እጅ ነው እንጂ አሞክሳሲሊን አይደለም፤ እኛ ሐኪሞች ይህን እያወቅን የምናዝዘው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሕመምተኛውን ቶሎ ለማሰናበት ነው።

ተረኛ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፣ መስተዋቱን ከማንሣትህ በፊት ጋቢውን አስገልጥ፤ አንገቱንም ዳስስ።