በማይንክራፍት ጨዋታ ስለ ከብት አያያዝ፦ ከላስታ እረኝነት ጋር ሲመዛዘን

ማይንክራፍት የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ በ2004 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011) ሙሉ ሆኖ ከስዊድን ከወጣ ወዲህ በዓለም እጅግ ብዙ ተጫዋች አግኝቷል። ተጫዋቹ ባዶ እጁን ሰው በሌለበት ምድር ይጀምርና ቤቱን ሠርቶ፣ እህሉን ዘርቶ፣ ከብቱን አርብቶ ነፍሱን ማቆየት አለበት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ ልንመረምረው የወደድነው የከብቱን ነገር ብቻ ነው። ከላሊበላ በላይ ባለው የላስታ ደጋ ከብት ስንጠብቅ ያደግን ስለ ሆንን፣ ዳኝነታችን ወደዚያው ቢያዘነብል አንባቢ ይታገሠን።

ተጫዋቾች ስለ ከብት አያያዝ የሚሰጣጡት ምክር ከሞላ ጐደል አንድ ነው። ስንዴ በእጅህ ይዘህ ላሞቹን አስከትል፤ አጥር ውስጥ አግባና በሩን ዝጋ፤ ሁለት ሁለቱን ስንዴ አብላቸው፣ ይራባሉ። ምክሩ እንደ ጨዋታው ሕግ ትክክል ነው። ጥጃው እዚያው ይወለዳል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያድጋል፤ እናቱም ከ5 ደቂቃ በኋላ ለሌላ ወሊድ ትደርሳለች። በአጥር የተዘጋች ላም ሣር ሳትግጥ፣ ውኃ ሳትጠጣ የቱንም ያህል ብትቆይ አትከሳም። በሌሊት የሚወጡት ዞምቢ የተባሉት ሙታን ተጫዋቹን ያሳድዳሉ እንጂ ላሟን ዞር ብለው አያዩአትም። የእኛ አገር ጅብ ይህን ጨዋነት ከየት ባገኘው! እንዲህም ስለ ሆነ ጐበዝ የሚባለው ተጫዋች ከብቱን በአንዲት ጠባብ ጉድጓድ አጭቆ ይተወዋል፤ ጃቫ በሚባለው እትም በአንድ ቦታ የታጨቁት ከ24 ሲያልፉ ብቻ ነው መጐዳት የሚጀምሩት። ተጫዋቹን አንወቅሰውም። ጨዋታው ስለ ከብቱ ምንም ካላስከፈለው ስለ ምን ብሎ ይጠነቀቃል?

በላስታ ከብት መያዝ ማለት መኖን ከጊዜ ጋር ማስላት ነው። ክረምት ማሳው በዘር ሲያዝ ከብቱ ወደ ገደሉና ወደ ተራራው ይገፋል፤ አዝመራው ሲሰበሰብ ማሳው ይለቀቅለታል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የጭድ ክምር ነው። አባወራው ክምሩን በዓይኑ እየለካ እስከ እርሻ ወራት ያደርሰኝ ይሆን ይላል፤ የከሳ በሬ ቀንበር አይሸከምምና። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጐረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ከብት የሌለው ደግሞ የሌላውን በርቢ ተቀብሎ ያረባና ከሚወለደው ይካፈላል። (በጨዋታው በሬ የሚባል የለም፤ መሬቱ የሚለሰልሰው በዶማ ነው። ይህ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ከሁሉ የሚከብደው ግን የመሸጡ ጊዜ ነው። በ1966ቱና በ1977ቱ የወሎ ረኃብ እህል ሲወደድ ከብት ረከሰ፤ ዝናቡን ተስፋ አድርጎ የዘገየ ሰው በሬውን ለጥቂት እህል ሰጠ፤ ዝናቡ በተመለሰ ጊዜም የሚጠምደው አልነበረውም።

እንግዲህ ጨዋታው ይህን ሁሉ ይዘርዝር አንልም፤ ጨዋታ ነውና። የሚያስደንቀን ግን ትክክለኛው ሕግ እዚያው ውስጥ መኖሩ ነው። ከተሸለተች በኋላ በግ ሣር ትግጣለች፤ የጋጠችበት ቦታ ባዶ አፈር ይሆናል፤ ሱፏም ይመለሳል። ሣሩ ደግሞ ተመልሶ የሚበቅለው ከአጠገቡ ካለው ሣር እየተዛመተ ነው። ሣር ያለቀባት በግ ሱፍ አታወጣም፤ ግን አትሞትም። ሠሪዎቹ እስከዚህ መጥተው የቆሙት ለምን እንደ ሆነ አይገባንም። ይህ ሕግ ለላምም ቢደረግ፣ ይኸውም ሣር ያጣች ላም መጀመሪያ ወተቷ ቢነጥፍ፣ ቀጥሎ መውለድ ብታቆም፣ በመጨረሻም ብትሞት፣ ተጫዋቹ ማንም ሳይመክረው አጥሩን ያሰፋ ነበር፤ ለዘር የሚሆን ሣር ከልሎ ያስቀር፣ ከብቱንም ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው ያዛውር ነበር። ተጫዋቾች ራሳቸው በሚሠሩአቸው ሞድ በተባሉ ጭማሪዎች የዓመቱን ወራት እስከ ማስገባት ደርሰዋልና ነገሩ ከዐቅም በላይ አይደለም።

እስከዚያው ሕጉን በራሳችን ላይ ጥለን ሞከርነው። 6 ላሞችን ከ2 በጎች ጋር በአንድ አጥር አስገባንና በጎቹን መስፈሪያ አደረግናቸው፤ በጎቹን እየሸለትን ስንቆይ መሬቱን ካራቆቱት፣ ከላሞቹ 2ቱ ይታረዱ ተባባልን። ከዚያ በፊት ትዝ ብሎን የማያውቀው የአጥሩ ስፋት ወዲያው መከራከሪያችን ሆነ። ይሁን እንጂ መሬቱ ተራቁቶ የምርጫው ሰዓት ሲደርስ ተቸገርን። በላስታ ቢሆን የቱ አርጅቷል፣ የቷ አርግዛለች፣ የትኛዋ ወተት ትሰጣለች ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይመከርበት ነበር። እዚህ ግን ስድስቱም መልካቸው አንድ ነው፤ አያረጁም፤ ሳይወልዱም በታለቡ ቁጥር ይታለባሉ። ቢቸግረን ለበሩ የቀረቡትን ሁለቱን አወጣን።