ዕዳው የማይካድ ካሣ
ስለ አነስተኛ መንግሥትና ስለ አናርኪዝም የተደረገ ክርክር ሲመረመር

የፈላስፋው የሮበርት ኖዚክ «አናርኪ፣ መንግሥትና ዩቶፒያ» (እ.ኤ.አ. 1974) ከታተመ ወዲህ ስሙ የሚነሳው በሁለተኛው ክፍሉ ነው፤ ለፈላስፋው ለጆን ሮልስ በሰጠው መልስና ስለ ግብር ባቀረበው ሙግት። የመጀመሪያው ክፍል ግን የግለሰብን ነጻነት የሚያስቀድሙት የሊበርታሪያኖች የቤት ውስጥ ጠብ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው። መንግሥት፣ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ ሰውን የማዘዝ መብት ከየት አገኘ? ይህ ሳይመለስ ስለ ግብር መከራከር መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ መክደን ነው።

ደራሲዋ አይን ራንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መንግሥት ባሕርይ ስትጽፍ መንግሥት ጨርሶ አያስፈልግም የሚሉትን አናርኪስቶች በጥቂት አንቀጾች አሰናብታቸዋለች። ኖዚክ ግን ወደ ጉዳዩ የሳበው ከአናርኪስቱ ከመሪ ሮትባርድ ጋር ያደረገው ረጅም ውይይት መሆኑን በመጽሐፉ ይመሰክራል። በመንግሥት አልባው ኑሮ ሰዎች የጥበቃ ድርጅት ይቀጥራሉ፤ ድርጅቶቹ ሲጋጩና ሲስማሙ በየአካባቢው አንዱ ይገንናል። ማንም ሳያቅደው፣ የማንም መብት ሳይጣስ፣ መንግሥት መሰል ነገር ይበቅላል ይለናል።

ቁልፉ እርምጃ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ላም የተሰረቀበት፣ የማንም ድርጅት ደንበኛ ያልሆነ ገበሬ እናስብ። የጠረጠረውን ሰው ራሱ መርምሮ ራሱ ሊቀጣ ይነሳል። ተጠርጣሪው የገነነው ድርጅት ደንበኛ ነው። ድርጅቱ «በአንተ ዓይነት ምርመራ ንጹሕ ሰው ሊቀጣ ይችላል» ብሎ ገበሬውን ይከለክለዋል። ኖዚክ እንደሚለው ክልከላው ገበሬውን መከላከያ ስለሚያሳጣው ካሣ ይገባዋል፤ ካሣውም ከድርጅቱ ደንበኞች ጋር ሲጣላ የድርጅቱን ጥበቃ በነጻ ወይም በቅናሽ ማግኘት ነው። በዚህ መንገድ ድርጅቱ ለሁሉም የሚዳኝ አነስተኛ መንግሥት ሆነ ማለት ነው።

ሙግቱ የሚፈርሰውም እዚሁ ነው። ገበሬው ፈቃዱን አልተጠየቀም። የካሣውን ልክ የቆረጠው ከልካዩ ነው፤ የሚከፍለውም በራሱ አገልግሎት ነው። ሮትባርድ እ.ኤ.አ. በ1977 የመንግሥት መቋቋም ራሱ የሚያስመርረው አናርኪስት በምን እንደሚካስ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሌላው አናርኪስት ሮይ ቻይልድስ ይበልጥ የጠና ጥያቄ አነሳ፤ አዲስ ድርጅት የገነነውን የዳኝነት ሥርዓት እንዳለ ቢከተል በምን ምክንያት ይከለከላል? ካልተከለከለ ብቸኝነቱ ያከትማል፤ መንግሥቱም ተመልሶ ተራ ድርጅት ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያጠግብ መልስ የለም።

አናርኪስቶቹ ግን በሙግት ያገኙትን በማስረጃ ያጡታል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዴቪድ ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1979 የመካከለኛውን ዘመን አይስላንድ በአብነት አቅርቧል። ከ930 አንስቶ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጉባኤና ፍርድ ቤት ነበራት፤ ፍርድ የሚያስፈጽም መንግሥት ግን አልነበራትም። ገበሬ የሚከተለውን አለቃ መለወጥ፣ ደካማ ተበዳይም የካሣ መብቱን ለጠንካራ ሰው ማስተላለፍ ይችል ነበር። ይህ ድሃው ፍትሕ እንዳያጣ የታሰበ ድንቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አለቅነት የሚሸጥና የሚገዛ ሀብት ነበር፤ የሚሸጥ ሥልጣን ደግሞ ይጠራቀማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥልጣኑ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ገባ፤ ጦርነት ተከተለ፤ ከ1262 ጀምሮ አይስላንዳውያን ለኖርዌይ ንጉሥ ታማኝነታቸውን ገለጹ፣ ግብርም ሊከፍሉ ተስማሙ። የሥርዓቱ ተሟጋቾች ጥፋቱን በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሕግ በመጣው አሥራት ላይ ያደርጉታል፤ ለአለቆች ከውድድር ውጪ የሆነ ገቢ ሰጥቷልና። ምክንያቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን አለቆቹ ያንን ገቢ ለራሳቸው እንዳያደርጉ የከለከለ ኃይል አለመኖሩንም ያስረዳል። አይስላንድ የኖዚክን ገናናነት ያለ ኖዚክ ካሣ አሳየችን።

ስለዚህ ኖዚክ በሙግት ተሸንፏል ብዬ አምናለሁ፤ ከአሸናፊዎቹ ይልቅ የማከብረው ግን እሱን ነው። ሮትባርድ መንግሥትን እንደ ወንበዴ ስለሚያየው እንዲፈርስ እንጂ ለታዛዡ ዕዳውን እንዲከፍል አይጠብቅም። አብዛኛው የአነስተኛ መንግሥት ደጋፊ ደግሞ ፖሊስና ፍርድ ቤት ካሉ ዕዳው የተከፈለ ይመስለዋል። ኖዚክ ብቻ ብቸኛውን ገበሬ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ለዚህ ሰው ምን እንከፍለዋለን?» ብሎ ጠየቀ። የመደበው ካሣ ባይበቃም ዕዳው እውነተኛ ነው፤ ከአነስተኛው ይልቅ በትልቁ መንግሥት ላይ ይከብዳል። የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያስተምር ሰው መጽሐፉን ከግብሩ ሙግት ሳይሆን ክልከላን፣ ካሣንና አደጋን ከሚመረምረው ከአራተኛው ምዕራፍ ያስጀምር።