በመዳፍ የሚያዝ ንጉሠ ነገሥት፦ የኢዛቤ ናፖሊዮን

በአውሮፓ የጥንታዊ ዕቃ ጨረታዎች ላይ እየተመላለሰ የሚቀርብ አንድ ሥዕል አለ፦ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ሞላላ የዝሆን ጥርስ፣ በላዩ አረንጓዴ የፈረሰኛ ዘብ መለዮ የለበሰ ናፖሊዮን፣ ከጎኑ «ኢዛቤ» የሚል ፊርማ። ገዢዎችን የሚያሻማቸው የተሳለው ሰውና የሠዓሊው ስም ነው። ሥዕሉ ግን ከሁለቱም ስሞች ተለይቶ ሊመዘን ይገባዋል።

ዣን ባፕቲስት ኢዛቤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1767 በናንሲ ተወለደ፤ ፓሪስ ገብቶም ከሠዓሊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ ተማረ። ለናፖሊዮን ቤተሰብ ቅርብ ስለነበር ለ1804ቱ የዘውድ በዓል አልባሳት ከነደፉት አንዱ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመልእክተኞችና ለባለሟሎች የሱረት ሳጥን ሲሸልም፣ ክዳኑን የሚያስጌጠው ምስል ብዙ ጊዜ ከኢዛቤ ቤት ይወጣ ነበር።

የእጅ ጥበቡ የሚያስደንቅ ነው። የዝሆን ጥርሱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይሳሳል። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ውሃ አይመጥም፤ ስለዚህ ሠዓሊው በግራር ሙጫ የተለወሰውን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ነጥብ በነጥብ ይደረድራል። ፊቱ ላይ ቀለሙ እጅግ ስስ ነውና ለቆዳው ብርሃን የሚሰጠው ከሥሩ ያለው የጥርሱ ንጣት ነው። መለዮው ላይ ቀለሙ ሲወፍር ፊቱ የበለጠ ይፈካል። ይህን ሚዛን እንደ ኢዛቤ የጠበቁ ጥቂት ናቸው።

ድክመቱ የሚጀምረው ከተሠራበት ዓላማ ነው። ምስሉ የመንግሥት ስጦታ በመሆኑ ደጋግሞ ይታዘዝ፣ በረዳቶችም እጅ ይገለበጥ ነበር። በተገለበጠ ቁጥር ግንባሩ እየለሰለሰ፣ ዓይኑ እየደነዘዘ ሄደ፤ ሥልጣኑ ይታያል፣ ሰውየው ግን ይጠፋል። ኢዛቤ ራሱ ከ1815 በኋላ በወረቀት ላይ በሳላቸው፣ ስስ ዓይነ ርግብ በተከናነቡ ሴቶች ላይ እጁ ይበልጥ ነፃ ነው።

ለገዢ ሌላም ስጋት አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የናፖሊዮንና የሚስቱ የጆሴፊን ምስሎች ለጌጥ በብዛት ተገልብጠው የታዋቂ ሠዓሊ ፊርማ ተጽፎባቸዋል። ፊርማ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አጉሊ መነጽር ይዞ ነጥቦቹ የጉንጩንና የአገጩን ቅርጽ ተከትለው መሄዳቸውን ማየት ይሻላል፤ የችኩል ገልባጭ ነጥብ ቅርጽ ሳይከተል ይበተናል። ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል፦ የብሪታንያ የ2018 የዝሆን ጥርስ ሕግ ከ1918 በፊት የተሠሩና ከ320 ካሬ ሴንቲሜትር የማይበልጡ፣ ሚኒያቸር የሚባሉ እንዲህ ያሉ ትንንሽ የሰው ምስሎች እንዲሸጡ የሚፈቅደው ከተመዘገቡ ነው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ የኢዛቤ ናፖሊዮን በእጅ ጥበቡ አንደኛ፣ በሰው ምስልነቱ መካከለኛ ሥራ ነው። የሚገዛ ሰው ለብሩሹ ይክፈል፤ ለዘውዱ ዝና ተጨማሪ ዋጋ አይክፈል።